ሙልሙልን በገንዘብ ስለ መለወጥ

ወጣቶች ሆይ! ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ፣ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ለሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል መስጠት የአባቶቻችን ልማድ ነው። ዛሬ ግን በከተማ ብዙ ሰው ብር ሰጥቶ ደጁን ይዘጋል። «ጊዜ የለንም፤ ጋግረን እንዳንሰጥም ልጁ ማጀት ገብቶ ሊጡን ያበላሽብናል» ይላል።

ይህ ምንኛ ደካማ ምክንያት ነው! ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ከተባለ፣ ከነዱቄቱ መውደድ ስለ ምን ያቅታል? በዋዜማው ሊጡ ኩፍ እስኪል የጠበቀ ልጅ ትዕግሥትን ይማራል። በትንሽ መዳፉ ሞልሙሎ ያስጋገረውን በማግሥቱ ለጓደኞቹ ሲያድል፣ የለፉበትን መስጠት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ብሩን የሚሰጠው አባቱ ነው፤ ሙልሙሉን የሚሰጠው ግን ልጁ ራሱ ነው።

«ወንድ ልጅ በማጀት ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። ሙልሙል ለመቀበል በየደጁ የሚዞረው ወንዱ አይደለምን? ለመብላት ያላፈረ ለመጋገር ስለ ምን ያፍራል?

እንግዲህ ነገ ወላጆች ስትሆኑ ለልጃችሁ ከሊጡ ቆርሳችሁ ስጡት። ሙልሙሉ ቢጣመም ይጣመም! ጠማማ ሙልሙል በአንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል፤ ከማጀት የተባረረ ልጅ ግን ኋላ ቢጠሩት አይመጣም።