የግስን ጊዜ አስተካክሎ ስለ መናገር

ልጆች ሆይ፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ የግሱን ጊዜ ለመምረጥ አትቸኵሉ። ብዙ ተማሪዎች፥ «ነገሩ ከታወቀ ጊዜው ቢሳሳት ምን ይጐዳል?» ይላሉ። ለእኔ ግን ጊዜን አስተካክሎ መናገር እውነትን ከመናገር የተለየ ሆኖ አይታየኝም።

አማርኛችን «እሄዳለሁ» በሚል በአንድ ቃል ዘወትር የሚደረገውንም ነገ የሚደረገውንም ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያል፤ ዘወትር ለሚደረገው «አይ ጎ»፥ ነገ ለሚደረገው «አይ ዊል ጎ» ይላል። ስለዚህ ቃልን በቃል ብቻ የሚተረጕም ተማሪ ፈጥኖ ይሰናከላል።

ዕዳ ያለበት ሰው «አይ ሀቭ ፔይድ» ብሎ ቢጽፍ፥ ከፍያለሁ ማለቱ ነው። ገና የሚከፍል ከሆነ ግን «አይ ዊል ፔይ» ሊል ይገባዋል። ባለማወቅ የሳተ ሰው ሐሰተኛ አይደለም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ባለገንዘብ ቃሉን ያያል እንጂ ልቡን አያይም።

እንዲሁም በሕመምተኛ ቤት «ዘ ዶክተር ሀዝ ከም» ቢባል፥ ሐኪሙ መጥቶ አሁን በዚያ አለ ማለት ነው። «ዘ ዶክተር ኬም የስተርደይ» ቢባል ግን ትናንት መምጣቱን ይነግራል እንጂ ዛሬ መኖሩን አይነግርም።

ያለፈው ቀን ወይም ዓመት በተጠራ ጊዜ ግሱ ኀላፊ ይሁን። ኢትዮጵያ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል አደረገች፤ ይህም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1896 ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያ ዎን አት አድዋ ኢን 1896» ይባላል እንጂ «ሀዝ ዎን» አይባልም።

እንግዲህ የሰዋስውን ስም በቃል ማጥናት ብቻውን አይበቃም። ከመጻፋችሁ በፊት፥ «ይህ ሥራ ተፈጽሟልን? ዘወትር ይደረጋልን? ወይስ ገና ይመጣል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ትናንት የሚለውን «የስተርደይ»፥ ዕለት ዕለት የሚለውን «ኤቭሪ ደይ»፥ ነገ የሚለውንም «ቱሞሮ» ተመልከቱ፤ መንገድ መሪዎች ናቸውና። ያልሠራውን «ሠራሁ» የማይል ልጅ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የታመነ ይሆናል።