ካርቱምና አሮጌው ፍርድ ቤቷ

ማዕድን በተገኘበት ምድር ሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ቆፋሪው ነው። ከቆፋሪው ቀጥሎ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ቀጥሎ ወታደሩ ይመጣል፤ ዳኛው የሚደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ከተማ ውስጥ የፍርድ ቤቱ ሕንጻ ዕድሜ የሚነግረን ነገር አለ። ሰዎች ሀብቱን መፈለግ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ ስለ ሀብቱ በሕግ መሟገት እስከ ጀመሩበት ቀን ድረስ ስንት ዘመን እንዳለፈ ያሳየናል።

የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም በግቢዋ የማዕድን ጉድጓድ የላትም። ሆኖም የወርቅ ልጅ ናት ብንል ከእውነት አንርቅም። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ያዘመተበት ዋና ምክንያት ባሪያና ወርቅ ፍለጋ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርቱምም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የዚሁ ጦር ሰፈር ሆና ተቆረቆረች። መሐመድ ዓሊ ስለ ወርቁ በወሬ የሰማውን በዓይኑ ለማየት በ1838 ጉዞ ጀምሮ ከቤኒሻንጉል ጋር እስከሚዋሰነው እስከ ፋዞግሊ ድረስ ዘለቀ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቶ ነበር። ያን ያህል ደክሞም የተመኘውን ያህል ወርቅ አላገኘም።

በዚያ ዘመን በካርቱም ቃዲም ሸንጎም አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ። ነገር ግን ከገዥው ፈቃድ በላይ የሚቆም ፍርድ አልነበረም። ግብር የከበደበት ገበሬም አቤት የሚለው ግብሩን ወደ ጣለበት ሹም ዘንድ ነበር። በጥር 1885 የማህዲ ሠራዊት ከተማይቱን ሲይዝ ያ አገዛዝ ወደቀ። ካርቱምም ተለቀቀች፤ ቤቶቿ እየፈረሱ ጡባቸውና ሣንቃቸው በወንዙ ማዶ ለኦምዱርማን መሥሪያ ሆነ። በመስከረም 1898 የእንግሊዝና የግብጽ ጦር ተመልሶ ሲመጣ ያገኘው ፍርስራሽ ነው።

ስለ ፍርድ ቤቱ ታሪክ ሲጻፍ ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉት ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ነው። ጄኔራል ኪችነር የአዲሲቱን ከተማ መንገዶች በሰፊው አስቀየሰ፤ ቅያሱም የእንግሊዝን ባንዲራ ያስመስላል ይባላል። ዳሩ ግን ፍርስራሹ ባለቤት ነበረው። ይህ የአባቴ ቦታ ነው፣ ይህ የእናቴ ቤት ነበር የሚል ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ስለዚህ ከአዲሱ መንግሥት የመጀመሪያ ሕጎች አንዱ በ1899 የወጣው የመሬት ባለቤትነት ሕግ ሆነ። በሕጉ መሠረት በካርቱም፣ በበርበርና በዶንጎላ የቦታ ይገባኛል ባዮችን ነገር የሚመረምሩ ኮሚሲዮኖች ተቋቋሙ። እንግዲህ በዘመናዊቱ ካርቱም የሕግ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ሌባ መቅጣት ሳይሆን በፈረሰች ከተማ ውስጥ የማን ቦታ የት እንደ ነበረ መለየት ነበር።

የሕጉን ሥራ እንዲመራ የተሾመው ኤድጋር ቦናም ካርተር የሚባል እንግሊዛዊ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር። ከህንድ አገር የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተቀዳ ሕግ በ1899 ታወጀ፤ በ1902 ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተቋቋሙ። ከቤተ መንግሥቱ ብዙም ሳይርቅ የፍርድ ቤቱ ሕንጻ ተሠራ። የሕንጻው ባለቤት ባዕድ መንግሥት እንደ ነበረ አይካድም። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች ሕንጻው የቅኝ ግዛት ቅርስ ስለ ሆነ ብንጠብቀው ምን ይጠቅመናል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጡቡን ማን እንዳስደረደረ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ወንበሩ ላይ ኋላ ማን እንደ ተቀመጠና ምን እንደ ሠራ ሳይጠይቁ መፍረድ ችኮላ ነው። በ1955 መሐመድ አሕመድ አቡ ራናት የመጀመሪያው ሱዳናዊ የዳኞች አለቃ ሆኑ። በ1965 ኢሕሳን ፋኽሪ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆነው ተሾሙ፤ ይህም በአፍሪካም ሆነ በዓረቡ ዓለም በጊዜው እምብዛም ያልተለመደ ነበር።

ከሁሉ የሚልቀው ግን በጥቅምት 1964 የተፈጸመው ነው። ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ በ1958 ሥልጣን ከያዙ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሕመድ አልቁረሺ የተባለ ተማሪ በጥይት ከተገደለ በኋላ ዳኞችና ጠበቆች ወደ ቤተ መንግሥት ሄደው አቤቱታ ለማቅረብ በፍርድ ቤቱ ዘንድ ተሰበሰቡ። መሣሪያ የታጠቀ ኃይል መንገዱን ዘጋባቸው። በዚህን ጊዜ ዳኛው አብዱል መጂድ ኢማም ወደ አዛዡ ቀርበው ጭፍራውን ይዞ እንዲመለስ በዳኝነታቸው አዘዙት። አዛዡም ታዘዘ፤ ኃይሉን ይዞ ሄደ። በእኛ አገር በመንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች ‹‹በሕግ አምላክ!›› ሲባሉ እጃቸውን ይሰበስቡ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። የካርቱሙ ዳኛ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም። በእጃቸው ዱላ እንኳ አልነበረም። በኅዳር ወር አቡድ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ፍርድ ቤቱ ሁልጊዜ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ቆሟል ማለት ግን ታሪክን ማሳመር ይሆናል። በጥር 1985 ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ የተባሉ አዛውንት የሃይማኖት ሊቅ የመንግሥቱን ሕግ በመቃወማቸው ተፈርዶባቸው በስቅላት ተገደሉ። በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያ ፍርድ ከንቱ ነው ብሎ ሻረው። ለሟቹ የፈየደለት ነገር የለም። ቢሆንም ልጃቸው ወደ ችሎት የወሰደችው ነገር ተመዝግቦ ይገኛል፤ ነገ ሌላ ተከራካሪ ሊጠቅሰው ይችላል።

በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ ቶምስቶን የምትባል የብር ማዕድን ከተማ አለች። የስሟ ትርጉም የመቃብር ድንጋይ ነው፤ ስም አወጣጡ ራሱ የቆፋሪዎችን ዘመን ይነግራል። በ1882 ከቀይ ጡብ የተሠራው ፍርድ ቤቷ፣ ጉድጓዶቹን ውሃ ሞልቶ ብሩ ከቀረና የአውራጃው መቀመጫ በ1929 ወደ ቢስቢ ከተዛወረ በኋላ ባዶ ቀረ። በ1959 ሙዚየም ሆነ፤ ዛሬ ጎብኚ ይመላለስበታል። ለቶምስቶን ይህ መልካም ነው፤ በዚያ የነበረው ሙግት አልቋልና። የካርቱምን ፍርድ ቤት ግን ወደ ሙዚየምነት ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ቢኖር በበኩሌ እቃወመዋለሁ። የካርቱም ሙግት ገና አላለቀም።

ምክንያቱን እንመልከት። ደቡብ ሱዳን በ2011 ስትለይ አብዛኛውን የነዳጅ ዘይት ይዛ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ወርቅ የሱዳን ዋና የውጭ ንግድ ሸቀጥ ሆነ። በሚያዝያ 2023 በአገሪቱ ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሣ ወርቁ ለሁለቱም ወገኖች ስንቅ ሆነ። በመሐመድ ዓሊ ዘመን ከተማይቱን ያስቆረቆረው ወርቅ በእኛ ዘመን አስፈረሳት። ቤተ መንግሥቱ ተጎዳ፤ ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ፤ ውጊያው ከበረታባቸው ሰፈሮች አንዱም ፍርድ ቤቱ የሚገኝበት የከተማይቱ እምብርት ነበር። ጦር ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ስደተኛው ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ። በሩ የተሰበረበት፣ ዕቃው የተጫነበት፣ በቤቱ ሌላ ሰው የገባበት ብዙ ነው። የ1899 ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል፤ ይህ ቦታ የማን ነው?

መጀመሪያ ውሃና ሐኪም ቤት ይቅደም የሚሉትን አልነቅፍም፤ የተጠማ ሰው ችሎት ቁም አይባልም። ነገር ግን ‹‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች›› ያለው ያገራችን ሰው የተበደለን ልብ ያውቃል። ቤቱን ያጣ ሰው ጉዳዩን የሚያሰማበት ዳኛ ከሌለው የሚሄደው መሣሪያ ወዳለው ሰው ነው። ስለዚህ አሮጌው ሕንጻ ከታደሰ ለዳኝነት ይታደስ። ሲታደስም ለአለቆች ቢሮ ምንጣፍ ከመነጠፉ በፊት መዝገብ ቤቱ ይደራጅ። በሱዳን የመሬት ምዝገባ ሥራ በዳኝነቱ ሥር የቆየ ስለ ሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ የባለቤትነት ማስረጃ እዚያው መደርደሪያ ላይ ያለች አንዲት ቅጠል ወረቀት ልትሆን ትችላለች። የተረፈው ይሰብሰብ፤ የተቃጠለው በምስክርና በሰነድ ይተካ፤ ቅጂውም ከአንድ በላይ በሆነ ከተማ ይቀመጥ። ዳኛው አብዱል መጂድ ኢማም አዛዡን ወደ መለሱበት ስፍራ በሚያስወጣው በር ላይም የዚያ ቀን ታሪክ በዓረብኛ ይጻፍ፤ ባለጉዳዩ ወረፋውን ሲጠብቅ ያነበዋል።