የጋይንት መንገድ የሌለበት ሲኒማ

የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቴያትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ» ባሉት መጽሐፋቸው ለሕዝብ ካቀረቡት ወዲህ፣ የከተማው ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም መርጦ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በመቅደላ የተተኰሰው ሽጉጥ ነው። «ታሪካቸው በሲኒማ ይሠራልን» የሚሉ ወገኖችም ምን ማየት እንደሚሹ ሲጠየቁ ሹሩባውን፣ አንበሳውንና ሽጉጡን ይቈጥራሉ። ምኞቱ መልካም ነው፤ የተመኙት ሲኒማ ግን መልካም አይደለም።

እንግሊዞች የራሳቸውን የጦርነት መሪ በሲኒማ እንዴት እንዳቀረቡት መመልከት ይበቃል። ጆ ራይት የተባለው አዘጋጅ በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው ሲኒማ ዊንስተን ቸርችል በ1940 ሥልጣን የያዘበትን የጭንቅ ወራት ያሳያል። ቸርችልን መስሎ የተጫወተው ጋሪ ኦልድማንም የኦስካር ሽልማት ተቀብሎበታል። ሲኒማው አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በጽሕፈት ቤትና በምክር ቤት ውስጥ ነው። ነገር ግን አዘጋጆቹ መሪ ያለ ሕዝብ ባዶ መሆኑን አልሳቱትም ኖሮ፣ ቸርችል ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ተሳፍሮ ተራውን ሰው ምክር ሲጠይቅ አሳዩ። ይህም ከቶ ያልተደረገ፣ ለሲኒማው ሲባል የተፈጠረ ነገር ነው። ሕዝቡን ለማስገባት ፈጠራ አስፈለጋቸው። ለቴዎድሮስ ሲኒማ ግን ፈጠራ አያስፈልግም፤ ንጉሡና ሕዝቡ በአንድ ሥራ ላይ የተገናኙበት ስፍራ በእውነት አለና። እርሱም በጋይንት በኩል ያለፈው መንገድ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ እንዲህ ያለ ሸክም በሠረገላ የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ በአገሩ አልነበረም። ጕዞው በጋይንት ደጋ ወደ ጨጨሆ፣ ከጨጨሆም ወደ ቤተ ሖርና ወደ ዘቢጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጂዳ ገደል ይጠብቃል። ዛሬ ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ በመኪና የሚሄድ መንገደኛ ጨጨሆ ላይ ሲደርስ ገደሉን አይቶ ያማትባል። ያን ጊዜ ዐለቱ በባሩድ ተፈለጠ፤ ቍልቍለቱ ተቈፍሮ ተስተካከለ፤ መድፉም በብዙ መቶ ሰዎች ጕልበት ተሳበ። ንጉሡ በፈረስ ላይ ሆነው የሚያዙ ብቻ አልነበሩም፤ ከሠራተኛው ጋር ሲቈፍሩና በእጃቸው ድንጋይ ሲያነሡ አብረው የነበሩ አውሮፓውያን አይተው መስክረዋል። በቅሎ በአንድ ሱባዔ ገደማ የምትጨርሰው መንገድ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። ከአገሩም የሚበዛው ክፍል ከድቷቸው ነበር። በጥቂት ደቂቃ ከሚያልቀው የሽጉጥ ታሪክ ይህ የአምስት ወር ታሪክ ንጉሡን አብልጦ አይገልጣቸውምን?

መድፉን ከሚስበው ሰው ጀርባ ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ ጐተራው የተገለበጠበት ባላገር ነው። ጦሩ ስንቁን የሚያገኘው ከባላገሩ ነበር፤ ጋይንትና ስማዳ እስቴም ያሉበት ቤጌምድር በእነዚያ ዓመታት በገዛ ንጉሡ ጦር ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል። ይህ በሲኒማ ይታይ ቢባል «ጀግናን ማዋረድ ነው» የሚል አይታጣም። እንዲህ ባዩ መጽሐፈ ነገሥትን የዘነጋ ነው። ዳዊት በኦርዮ ላይ የሠራውን በደል መጽሐፉ አልሸሸገም፤ ቤተ ክርስቲያንም ስለዚህ ብላ መዝሙረ ዳዊትን ከመድገም አልተወችም። ለነገሩ ተመልካቹ የእስቴ ተወላጅ እንደ ሆነ፣ የቅድመ አያቱ ጐተራ ሲራቈት በማየቱ አያፍርም፤ ይልቁንም ባለታሪክ ሆኖ በመቈጠሩ ደስ ይለዋል።

ከካህናት ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ «ቤተ ክርስቲያንን የበደለ ንጉሥ ስለ ምን በሲኒማ ይከበራል?» የሚል ነው። በደሉ እውነት ነው። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው የቀረውን መሬት ለመውሰድ ተነሡ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። አቡነ ሰላማም በጥቅምት 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ገና በዚያ መንገድ ላይ ሳሉ፣ በመቅደላ እስር ቤት ዐረፉ። ይህ ሁሉ ይታይ እንጂ አይሸሸግ። ነገር ግን የእኒህን ንጉሥ ታሪክ በአማርኛ የጻፉት እነማን ናቸው? ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም፣ የቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ አይደሉምን? ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔምስ ያለችው በዚያው በጋይንት አይደለምን? ሲኒማ ሠሪው የእንግሊዝን መኰንኖች መጽሐፍ ብቻ ይዞ ቢነሣ፣ ተጠይቆ ዝም ያለው ሊቅ ከጥፋቱ ድርሻ አለው።

ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሊቅ ቢጠየቅ፣ የዚያን ዓመት ፋሲካ አስልቶ ሲኒማ ሠሪው ያላሰበውን ሊነግረው ይችላል። መድፉ መቅደላ የደረሰው በዐቢይ ጾም ነው። የአሮጌ ጦርነት የተደረገበት ሚያዝያ 3 ቀን ስቅለት ነበረ። በፋሲካ ዕለት ንጉሡ ለእንግሊዝ ሰፈር ላምና በግ ላኩ፤ የእንግሊዙም አዛዥ ሳይቀበል ቀረ። መቅደላ የወደቀበትና ንጉሡ ራሳቸውን የገደሉበት ሚያዝያ 6 ቀን ማዕዶት ነበረ። ጾምና በዓል የሌለበት የመቅደላ ሲኒማ እንግዲህ የየትኛው አገር ሲኒማ ይሆናል?

የመጻሕፍቱም ነገር እንዲሁ ነው። እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ለንደን ገቡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ንጉሡ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ነበሩ። የኋለኛውን ዝርፊያ አሳይቶ የፊተኛውን የሚሸሽግ ሰው የሚያጭበረብረው እንግሊዝን ሳይሆን ጎንደርን ነው።

ኃይሌ ገሪማ በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው «ዐድዋ» የሕዝቡን አንደበትና ዘፈን የታሪክ ምስክር አድርጎ አቅርቧል፤ ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር በዚህ አገር ያልተሞከረ አይደለም። በአዲስ አበባ የሴባስቶፖል አምሳያ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ከተሜውም በአጠገቡ ሲያልፍ ይውላል። እውነተኛው መድፍ ግን ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ነው። ካሜራ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጕዞውን ከደብረ ታቦር ጀምሮ፣ በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ ያድርግ።