እዥ መግል አይደለም

አማርኛ ከቁስል ለሚወጣ ፈሳሽ ሁለት ስም አለው። ውሃ የመሰለው፣ አንዳንዴ ወደ ቢጫ የሚያደላው ስስ ፈሳሽ እዥ ነው። ወፍራሙና የሚሸተው መግል ነው። መርካቶ ውስጥ ግን ይህ ልዩነት ዋጋ አጥቷል። ምን አለሽ ተራ ላሜራ የቆረጠው እጅ ይሁን፣ ሸክም የላጠው ትከሻ፣ ፈሳሽ ከታየበት መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ካፕሱል ይከፈትና ዱቄቱ ይነሰነስበታል። «እንዲያደርቀው» ይባላል።

ማድረቁንስ ያደርቀዋል። ዱቄቱ ከእዡ ጋር ተለውሶ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፤ ከላይ ሲያዩት የዳነ ይመስላል። ከሥሩ እያመረቀዘ ቢሆን ግን የሚያይ የለም። ለመዋጥ የተሠራ መድኃኒት ቁስል ላይ ሲበተን ጀርሙን አይጨርሰውም፤ ይልቁንም መድኃኒቱን ያለማምደዋል። ነገ ያው ሰው የምር ሲታመም ያው ካፕሱል አልሠራም ሊለው ይችላል። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የሌለበት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በፍሬ እየተቆጠረ ሲሸጥ ዝም ማለት ዕዳውን ለሁሉም ማካፈል ነው።

እዥ የሰውነት ሥራ ነው። ቆዳ ሲሰነጠቅ በዙሪያው ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይላሉና ውሃ፣ ፕሮቲንና ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ ይወጣሉ። አንዱ ጀርም ይዋጋል፣ ሌላው አዲስ ቆዳ የሚበቅልበትን ርጥበት ያዘጋጃል። በ1962 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ በአሳማዎች ላይ ሞክሮ፣ ርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል አየር ላይ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ በኔቸር መጽሔት አሳተመ። ከስድሳ ዓመት በኋላም «ክፈተው፣ አየር ይምታው» የሚለው ምክር ከነመርካቶ አቧራው ቀጥሏል።

ርጥበት ይጠበቅ ማለት ግን ቁስሉ ይዋኝ ማለት አይደለም። እዡ ሲበዛ ዙሪያውን ያለው ጤነኛ ቆዳ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ጣት ይነጣል፣ ይልማል፣ ቁስሉም ይሰፋል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃና ሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ጎዝ መሸፈን፣ ጎዙ ሲርስ መቀየር ነው። አልኮል አያስፈልግም። (ስለሚያቃጥል ይሠራል ይባላል፤ በርበሬም ያቃጥላል።) የሚወጋው ወይም የሚቆርጠው የቆሸሸና የዛገ ብረት ከሆነ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባቱ ያስፈልገው እንደሆነ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማረጋገጥ ይገባል።

እዥ በቀናት ውስጥ መቀነስ አለበት። በመቀነስ ፈንታ ከጨመረ፣ ከወፈረ፣ ከሸተተ፣ ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ነገሩ ተለውጧል፤ ሐኪም ነው። ከዚህም የከፋው የማያም የእግር ቁስል ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ካልሲው ሲርስ እንጂ ሲቆስል ላያውቅ ይችላል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ነበር፤ የደነዘዘ እግር ቁስልም የዚያው በሽታ ገጽታ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ሰውየው እየረገጠው ከዋለ ፋሻ ብቻውን አያድነውም። እግሩ ከሸክም ማረፍ አለበት።

እዚህ ላይ ነው የሕክምናው ምክር ከመርካቶ ጋር የሚጋጨው። ተሸካሚ ካረፈ አይበላም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪን ይጠይቃል፤ ጠዋት ለአንዱ ነጋዴ፣ ከሰዓት ለሌላው ለሚሸከም ሰው ግን አሠሪው ማን ነው? ሁሉም «የኔ ሠራተኛ አይደለም» ይላል። ካፕሱሉ የሚያሸንፈውም ለዚህ ነው፦ ርካሽ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሸክም ይመልሳል።

በጭነቱ የሚያተርፉት ነጋዴዎች በየተራው ተዋጥተው ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጎዝና ፋሻ የያዘ አንድ ሳጥን ማስቀመጥ አያቅታቸውም። ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ዋጋ አይበልጥም።