በወንድ የማያልቅ ታሪክ፦ ለልጆች በሚሠሩ የአኒሜሽን ፊልሞች ራሷን የቻለች ጀግና ለምን ጠፋች?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን አባባል ዛሬ በስብሰባ መካከል ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው አባባል በየቤታችን በየዕለቱ ይተረካል፤ የሚተረከውም በአያት አንደበት ሳይሆን ልጆቻችን በሚያዩት ስክሪን ነው። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ የምታድግ ልጃችን ጀግና ምን እንደሚመስል ከምትማርባቸው ቦታዎች አንዱ የአኒሜሽን ፊልምና የጀብዱ ታሪክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት አንድ ነው። ችግሩ በፊልሞቹ ውስጥ ሴት መታጣቷ ብቻ አይደለም፤ ሴቷ እያለችም ንግግሩ፣ ውሳኔውና የመጨረሻው ቃል የሌላ መሆኑ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለልጆች ፊልም በሚውልበት አገር ሁሉ ሕግ አውጪዎች ይህን የማስቆጠርና የመጠየቅ ኃላፊነት አለባቸው።

1. ስሟ በርዕሱ፣ ቃሉ በሌላ አፍ

የ1998ቱን «ሙላን» እንውሰድ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱ የእርሷ ስም ነው፤ ጦር ሜዳ የወረደችውም፣ አገሯን ያዳነችውም እርሷ ናት። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ካርመን ፎውትና ካረን አይዘንሃወር ግን የዲስኒን የልዕልት ፊልሞች ምልልስ ቃል በቃል ቆጥረው በ2016 ይፋ ባደረጉት ውጤት፣ በዚህ ፊልም ከሚነገረው ቃል 77 በመቶው የወንዶች ሆኖ ተገኘ። አጃቢዋ ትንሹ ዘንዶ ሙሹ እንኳ ከራሷ ከሙላን በግማሽ ያህል የበለጠ ይናገራል።

ጊዜ በራሱ ነገሩን ያቃናዋል የሚል ካለ ቁጥሩን ደግሞ ይመልከት። በ1950ው «ሲንደሬላ» ሴቶች 60 በመቶውን ይናገሩ ነበር። በ1989ኙ «ሊትል መርሜይድ» ድርሻቸው ወደ 32 በመቶ ወረደ። ሁለት እኅትማማቾች ዋና ገጸ ባሕርያት በሆኑበት በ2013ቱ «ፍሮዝን» እንኳ 41 በመቶ ነው። እንግዲህ ዘመን ስለተለወጠ ብቻ የሚመጣ ፍትሕ የለም።

2. ሴት የጀመረችው ፊልም

አባባሉ የሚሠራው በታሪኮቹ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ታሪኮቹ በሚሠሩባቸው ቤቶችም ነው። በ1938 ከዲስኒ ለአንዲት ሥራ ፈላጊ ወጣት የተጻፈው መልስ የፈጠራው ሥራ የወንዶች መሆኑን፣ ለሴቶች የሚቀረው ወንዶች የነደፉትን ሥዕል ገልብጦ ቀለም መቀባት መሆኑን በግልጽ ይነግራታል። በዚያ ስቱዲዮ አንዲት ሴት፣ ጄኒፈር ሊ፣ ረጅም የአኒሜሽን ፊልም ከሚያዘጋጁት አንዷ የሆነችው በ2013 ነው፤ «ስኖው ዋይት» ከታየ ከ76 ዓመት በኋላ።

ፒክሳርም ቢሆን ከ1995ቱ «ቶይ ስቶሪ» ጀምሮ 12 ፊልሞችን ከሠራ በኋላ ነው በ13ኛው፣ በ2012ቱ «ብሬቭ»፣ ሴትን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገው። ታሪኩን ያፈለቀችውና ማዘጋጀት የጀመረችው ብሬንዳ ቻፕማን ነበረች፤ መነሻዋም ከሴት ልጇ ጋር ያላት ግንኙነት ነው። ሥራው ሳያልቅ ከአዘጋጅነት ተነሥታ ፊልሙን ማርክ አንድሩስ ጨረሰው። ኦስካሩን በ2013 ሁለቱም ተቀበሉ። ሴት አወቀች፤ በወንድ አለቀ።

የፊልሙ ጀግና ሜሪዳ ለጋብቻ በሚወዳደሩባት ወንዶች ፊት ቀስቷን አንሥታ ስለ ራሷ ራሷ የተወዳደረች ልጅ ናት። ያው ኩባንያ በ2013 ከልዕልቶቹ ተርታ ሲያስገባት ወገቧን አቅጥኖ፣ ትከሻዋን ገልጦ፣ ቀስቷንም ነጥቆ አዲስ ሥዕል አወጣላት። ቻፕማን በአደባባይ ተቃወመች፤ በተቃውሞው አቤቱታ ላይም ከ200,000 በላይ ሰዎች ፈረሙ። የተነጠቀችው ቀስት የዚህን ሁሉ ክርክር ፍሬ ነገር ታሳያለች፤ ገበያው ልጅቷን ወደዳት፣ በራሷ መቆሟን ግን አልወደደም።

3. «ገበያው አይፈልግም» የሚለው ሰበብ

ወንዶች ልጆች የሴት ጀግና ታሪክ አያዩም ይባላል። «ፍሮዝን» ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ አንዲት ታዳጊ ልጅን ማዕከል ያደረገው የ2024ቱ «ኢንሳይድ አውት 2» ከ1.6 ቢሊዮን በላይ። ይህን ያህል ትኬት የገዙት ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ስለዚህ የጎደለው ተመልካች አይደለም፤ የጎደለው የአምራቾቹ ልማድ መለወጥ ነው።

4. ራሷን የቻለች ማለት ብቻዋን የቆመች ማለት አይደለም

ከራሳችን ማኅበረሰብም የሚነሣ ሥጋት አለ፤ ራሷን የቻለች ጀግና ልጆቻችንን ከቤተሰብና ከባህል ትለያለች ይባላል። መልሱ ከአገር ቤት ተሠርቶ ቀርቧል። በብሩክታዊት ጥጋቡ መሪነት የተሠራው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስትጠይቅና ስትማር የምትውል ገጸ ባሕርይን ለሕፃናት በአማርኛ አቀረበ። ከዚያው ቤት የወጣው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ሦስት ልጃገረዶች ተባብረው ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን የከበበውን ነውር ሲታገሉ ያሳያል። የለበሱት ጥበብ ነው፤ የሚታገሉት ለእኅቶቻቸው ነው። እዚህ ላይ ባህሉ የኃይላቸው ምንጭ ነው እንጂ ሰንሰለታቸው አይደለም።

ደግሞስ የውጫሌን ውል አጥብቀው የተቃወሙትን፣ በ1896 የመቀሌው ምሽግ ውሃ እንዲያዝ ያመለከቱትን እቴጌ ጣይቱን ታሪኳ ላደረገች አገር የሴት ቆራጥነት ባዕድ ነውን?

5. የምንጠይቀው

ማንም ባለሥልጣን ለደራሲ ታሪክ እንዲያዝዝ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ግልጽነትን ነው።

አንደኛ፣ ከሕዝብ የፊልም ድጋፍ ወይም ከግብር ቅናሽ የሚጠቀም የልጆች ፊልም በዋና ገጸ ባሕርያቱ፣ በምልልሱ፣ በደራሲዎቹና በአዘጋጆቹ መካከል የሴትና የወንድ ድርሻ ስንት እንደሆነ ያሳውቅ፤ ውጤቱም በየዓመቱ ይታተም።

ሁለተኛ፣ የድጋፍ ሰጪ ተቋማት ለሴት አዘጋጆችና ደራሲዎች እኩል ድርሻን ግብ ያድርጉ። የስዊድን የፊልም ኢንስቲትዩት በአና ሰርነር መሪነት ይህን ግብ ይዞ ተራምዶበታል፤ ስለዚህ አይቻልም ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ በስደተኛ ማኅበረሰቦች ቋንቋ ለሚሠሩና ለሚተረጎሙ የልጆች ሥራዎች፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ራሱን የቻለ በጀት ይመደብ። ብሪታንያ ለልጆችና ለወጣቶች ፕሮግራም በ2019 የጀመረችውን የድጋፍ ፈንድ ከሦስት ዓመት ሙከራ በኋላ በ2022 መዝጋቷ፣ በሕግ ያልታሰረ በጎ ፈቃድ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያሳያል።

የምክር ቤት አማካሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የባህል በጀት ውይይት ለገንዘብ ጠያቂው ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። በዚህ ታሪክ የሚወስነው ማን ነው? የሚናገረውስ? ወንዱን ብናወጣው ታሪኩ ይቆማል? የመብት ተሟጋቾችም መልሱን ለሕዝብ አውጡት። ሴት ልጆቻችን ያወቁትን ራሳቸው የሚጨርሱበት ታሪክ ማየት ይገባቸዋል፤ ወንዶች ልጆቻችንም እንዲሁ።