ሸክላው ምን አጠፋ?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ጠዳ ላይ፣ አንድ ሰው የአባቱን ሸክላ ማጫወቻ ከቁም ሳጥን አናት አወረደ እንበል። አቧራውን ጠርጎ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ሰካ። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ እንደ ሩቅ ሬዲዮ ጣቢያ ቀጥኖ ወጣ። ቤዙ የለም፤ ትራምፔቱ የቆርቆሮ ጩኸት ሆኗል። ሰውየው በሞባይሉ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከሥር የሚጻፈው አስተያየት የታወቀ ነው፦ «የድሮ ቀረጻ መቼም እንዲህ ነው።»

ፍርዱ ትክክል አይደለም። ጥፋቱ የቀረጻው ሳይሆን በመካከል የጎደለው ትንሽ ሣጥን ነው። ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል።

ሸክላ ሲታተም ድምፁ እንዳለ አይቀረጽበትም። ቤዝ ሰፊ ቦታ ስለሚወስድና መርፌውን ስለሚያናውጥ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከሸክላው ጭርጭርታ በላይ እንዲሰማ ይጨመራል። የዚህ ልክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወዲህ «አር አይ ኤ ኤ» በሚባል መስፈርት ተወስኗል። በጣም ወፍራሙ ድምፅ ከመካከለኛው በ20 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ብሎ ይቀረጻል። ፕሪአምፑ የተቀነሰውን ይመልሳል፣ የተጨመረውን ይቀንሳል፤ ከመርፌው የሚመጣውን ጥቂት ሚሊቮልትም ወደ 100 እጥፍ ያሳድጋል።

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የሸክላ ሕትመትን ሞኖፖል ተጋፍቶ አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳትሟል። በ1975 ከአገር ወጣ። ካሴት ገበያውን ሲወርስም የሸክላ ሕትመት ቆመ። «ኢትዮጲክስ» የተሰኘው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹን ለዓለም መልሶ አሰምቷል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የውጭ ሰብሳቢዎች ለአንዳንዱ ሸክላ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ሸክላው ከተሸጠ በኋላ እዚህ የሚቀረው ያ በሞባይል የተቀዳው ቀጭን ድምፅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጆች የአባቶቻቸውን ሙዚቃ የሚያውቁት በዚያ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ውድ ነው? አይደለም። የቤሪንገር ፒፒ400 ዓይነቱ ርካሽ ዕቃ ለመሠረታዊው ሥራ ይበቃል። ትንሽ ጨመር ማድረግ የሚችል ሰው እንደ አርት ዲጄ ፕሪ 2 ያለውን ቢመርጥ የድምፁን መጠን ማስተካከያ ያገኛል። ለመቅዳት የሚፈልግ ደግሞ ዩኤስቢ መውጫ ያለው ይጠቅመዋል። በርካሹና በውዱ መካከል ልዩነት አለ፤ ነገር ግን በርካሹና በምንም መካከል ካለው ልዩነት ጋር አይወዳደርም። የተረፈው ገንዘብ ለአዲስ መርፌ ይዋል። ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀ ደግሞ በምንም ፕሪአምፕ አይመለስም።

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የድሮ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ «ፎኖ» የሚል መሰኪያ አለው፤ ካለው ሣጥኑ ከነጭራሹ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጉት የድሮ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ በሴራሚክ መርፌ የሚሠሩ በመሆናቸው ይህ ፕሪአምፕ አይስማማቸውም። ሦስተኛ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ቻርጀሩ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል።

«ይህን ኮምፒውተር ያስተካክለው የለ?» የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ጥሩ መቅጃና የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በስፒከር አጠገብ በተያዘ ሞባይል የተቀዳውን ግን ማንም አያድነውም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ይዤ ልምጣ?» ማለቱ አይቀርም። ሸክላ ያለበት ቤት መልሱ ሽቶና ጫማ ብቻ ባይሆን ጥሩ ነው። ሣጥኑ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ ሻንጣ አያስከፍልም። እስኪመጣ ድረስ ሸክላው ከፀሐይ ርቆ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። አይሸጥ። የቀረጻው ጥራትም ያን ጊዜ ይፈረድ።