የሦስት ወሩ መርፌና የቡና ለቀማው

በየቡ አካባቢ «የወሊድ መከላከያ መርፌ ደምን ሆድ ውስጥ ያጠራቅማል» የሚለው ወሬ ከሥሩ ሊነቀል ይገባል። በየወሩ ኢስትሮጂን የተባለው ሆርሞን የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ለፅንስ ያሰናዳዋል። ፅንስ ካልተፈጠረ ሁለቱም ይቀንሳሉ፤ ሽፋኑ ተልጦ ከደም ጋር ይወጣል። የወር አበባ ማለት ይኸው ነው። መርፌው ፕሮጄስትሮን መሰል በመሆኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል፤ ሽፋኑም ይሳሳል። የወር አበባ ቢቀር ታዲያ የሚጠራቀም ደም ከየት ይመጣል? ላሙ በ21 ቀን ኮርማ መፈለጓን የሚቆጥር ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በስብሰባቸው ከቡና ዋጋ ሌላ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ጊዜ ሊሰጡ ይገባል። ቀጠሮዋ በለቀማው ወራት የሚውል እናት መርፌውን እስከ 2 ሳምንት አስቀድማ መወጋት ትችላለች።